የአለቃዬ ስለት እና የጫኝ አውራጆቹ ሒሳብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። አለቃችን ጋሼ በሰፈሩ የታወቁ ክርስቲያን ናቸው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ይሄዳሉ፤ ዘንድሮም ትልቅ ጥላ ስለት አስገብተዋል። የጫኝ አውራጆቹን ሒሳብ ግን «ነገ ኑ» እያሉ ሳምንት ያሳልፋሉ። ባለ 12 (12 ሚሊ ሜትር ውፍረት) ብለን የምንሸጠው ፌሮም፣ የኮንክሪቱ ብረት ማለቴ ነው፣ ሲለካ 12 አይሞላም። የመጋዘን ሠራተኛችን ሙስሊም ነው። እሱ «እኔ ይሄን 12 ነው ብዬ አላስረክብም» ብሎ ፊት ለፊት ተናገረ። እኔ ግን ዝም አልኩ። ደንበኛ ሲመጣም «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ብዬ የምጠይቀው እኔው ነኝ። እሑድ «እናንተ የምድር ጨው ናችሁ» ሲባል አንገቴን እደፋለሁ። ከሰዓት ባልደረቦቼ በርጫ ሲቀመጡ እኔ ስለማልቅም «ዲያቆኑ» እያሉ ያሾፉብኛል። ክርስትናዬ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። ሥራውን ልልቀቅ ወይስ ዝም ብዬ ልጸልይ?
ግራ የገባኝ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ አቦ ወንድሜ፣ ከመልቀቅና ከመጸለይ ሌላ መንገድ የለም ያለህ ማን ነው? በመሃል ብዙ ሥራ አለ።

ከፌሮው ልጀምር፣ እሱ ጊዜ አይሰጥም። አንዴ ምሰሶ ውስጥ ገብቶ ኮንክሪት ከፈሰሰበት ማንም አያየውም። መሐንዲሱ ያሰላው በ12 ነው። ባለ 12 ተብሎ የተሸጠው ባለ 10 ከሆነ፣ ለዓይን ሁለት ሚሊ ብቻ የጎደለ ይመስላል፤ ግን የብረቱ ስፋት ሲሰላ የጎደለው 30 በመቶ ገደማ ነው፣ የሚሸከመውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እዚያ ቤት ውስጥ ልጆች ይተኛሉ። ጥርጣሬ ካለህ ደግሞ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ባይኖር እንኳ ሚዛን ይበቃል። ሙሉ ባለ 12 በሜትር 0.888 ኪሎ ስለሆነ፣ 12 ሜትር የሚረዝመው አንዱ ቤርጋ (አንድ ዘንግ ብረት) ወደ 10.7 ኪሎ መምጣት አለበት። ትንሽ ልዩነት ያጋጥማል፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ሲጎድል ግን ልዩነት ሳይሆን ስርቆት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን 19 ላይ በመለካትም፣ በመመዘንም፣ በመስፈርም አታጭበርብሩ የሚለው ትእዛዝ የተጻፈው እንዳንተ ላለ ሰው ነው።

እንግዲህ ጋሼን ለብቻቸው አግኛቸው። ደንበኛ ፊት አይደለም፣ ባልደረቦችህ ፊትም አይደለም፤ በሰው ፊት ካዋረድካቸው ጉዳዩ ስለ ፌሮ መሆኑ ይቀርና ስለ ክብር ይሆናል። ስብከት አታብዛ። «ጋሼ፣ ይሄን ብረት በ12 ስም አልሸጠውም። ትክክለኛ ልኩን ተናግሬ በልኩ ዋጋ ልሽጥ ካሉኝ እሸጣለሁ» በላቸው። መውጫ እየሰጠሃቸው ነው። ቀራጮቹ ወደ ዮሐንስ መጥምቅ መጥተው «ምን እናድርግ?» ሲሉት ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ ነው ያላቸው። ወታደሮቹንም እንዲሁ፣ ግፍ አትሥሩ፣ በደመወዛችሁ ኑሩ አላቸው። ሉቃስ 3 ላይ ታገኘዋለህ።

እሳቸው «ወይ እንዳልኩህ ሽጥ ወይ ውጣ» ካሉህ ግን ትወጣለህ። ይሄን በቀላሉ እያልኩህ አይደለም፣ ድሬ ላይ ሥራ ማግኘት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ስለዚህ ከመናገርህ በፊት ሌላ ቦታ መጠየቅ ጀምር። ይሄ እምነት ማጣት አይደለም።

መጋዘን ያለውን ባልደረባህንም አነጋግረው። ከደብዳቤህ እንደገባኝ ሙስሊሙ ከእኔ በለጠ ብለህ አፍረሃል። ምን ያሳፍራል? ብቻውን ቆሞ የከረመ ሰው ነው፣ ሂድና አጠገቡ ቁም። አንዱን ሠራተኛ አስቸጋሪ ነው ብሎ ማባረር ይቀላል። ገንዘብ ተቀባዩና መጋዘኑ አንድ ቃል ሲናገሩ ግን አለቃም ቆም ብሎ ያስባል። ክርስቲያን ለኅብረተሰቡ በጎ አርአያ ይሁን ሲባል እኛ ቀድመን መገኘት ያለብን የሚመስለን ለምን እንደሆነ አይገባኝም። አንዳንዴ ሌላው የጀመረውን መደገፍም አርአያነት ነው።

የደረሰኙ ነገር አጭር ነው። «ትፈልጋለህ?» ብለህ አትጠይቅ፣ ቆርጠህ ስጥ። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ያንተም የጋሼም ገንዘብ አይደለም።

አሁን ወደ ጫኝ አውራጆቹ። ስለቱን አልነካም። ቁልቢን ራስ መኮንን ያሠሩት ከዓድዋ ድል በኋላ የተሳሉትን ለመፈጸም ነው ይባላል፣ ስለት በአገራችን ትልቅ ነገር ነው። ሰው ስለት የሚያስገባው ግን ከራሱ ገንዘብ ነው። ሲሚንቶ በጀርባው ያወረደ ሰው ሒሳብ ኪስ ውስጥ እያለ ጥላ ከተገዛ፣ ከጥላው ላይ የተሸካሚው ድርሻ አለበት፣ እሱም ሳይጠየቅ ተስሏል ማለት ነው። ያው ዘሌዋውያን 19 የቅጥረኛ ዋጋ አንተ ጋ አይደር ይላል። ሙስሊሞችም ዘንድ ሠራተኛን ላቡ ሳይደርቅ ክፈለው የሚል የታወቀ ሐዲስ አለ። ቀፊራ ላይ ይሄን የማያውቅ ነጋዴ ካለ የዋለበት ሌላ ከተማ ነው!

ጋሼን ግን በጥቅስ አታፋጥጣቸው። ደብተር ግዛ። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ኩንታል ወይም ስንት ቤርጋ እንዳወረደ፣ በስንት ብር እንደተስማማ ጻፍ፤ አውራጁም ይፈርም፣ ካልቻለ አሻራ ያድርግ። ማታ ሒሳብ ስትዘጋ ድምሩን ከዕለቱ ሽያጭ ጋር አብረህ አቅርብላቸውና «ከዚህ ላይ ልክፈላቸው?» በል። «ነገ ኑ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በቃል ሲሆን ነው። ወረቀት ላይ ሲሰፍር፣ ያውም ገንዘቡ እጅህ ላይ እያለ፣ «ነገ ኑ» ማለት ከባድ ነው። ደብተሩን መያዝ ሥልጣንህ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ማንንም ማስፈቀድ አይጠይቅም።

«ዲያቆኑ» ለሚሉህ ሳቅላቸው። አለመቃምህ ጥሩ ነው፣ ለጤናህም ለኪስህም። ችግሩ በእኛ ከተማ ክርስቲያን የሚለካው በማያደርገው ነገር ሆኗል፤ አይቅምም፣ አይጠጣም፣ አይጨፍርም። አውራጁ አንተ ቃምክ አልቃምክ ምን ተዳው? እሱ የሚያውቅህ ማታ ላይ እራት ይዞ ገባ ወይስ ባዶ እጁን በሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር ከጁገል ውጭ ነው የምኖረው። ቤቴ የምትሠራው ልጅ ሙስሊም ናት፣ ጥሩ ልጅ። ጓደኞቼ «አብረሻት እየኖርሽ ስለ ክርስቶስ ካልነገርሻት ተጠያቂ ነሽ» ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን ይዣት ልሂድ?
እህታችሁ

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም አትውሰጃት። እንጀራዋም ማደሪያዋም አንቺ ጋ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ «እሺ» ብትልሽ ከልቧ ይሁን ከፍርሃት በምን ታውቂያለሽ? በነፃነት እምቢ ማለት የማትችል ሰው እምነት ተቀበለች አይባልም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን እንደማይሸፍን ታውቂ ይሆናል። ስምንት ሰዓት ሥራ፣ የሳምንት እረፍት፣ የዓመት ፈቃድ የሚባለው በዚያ አዋጅ ለእሷ አልተጻፈም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ቤት ሠራተኛ ጥቂት ቢናገርም፣ አብዛኛው የቀረው ላንቺ ህሊና ነው። ስለዚህ ጓደኞችሽ ተጠያቂ ነሽ ሲሉ ተሳስተዋል አልልም፣ ተጠያቂነቱ እዚህ ጋ ነው ያለው። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ትረፍ። ረመዳን ላይ ማፍጠሪያ ሰዓቷ ሲደርስ «ቆይ ይሄን ጨርሺ» አትበያት፣ አንቺም የዐቢይ ጾምን ታውቂዋለሽ። ለኢድ ወደ ቤተሰቦቿ ትሂድ። የማታ ትምህርት ከፈለገች አስመዝግቢያት፣ እራቱን ቀደም ብላችሁ ሥሩ። ስለ እምነትሽ ራሷ ከጠየቀችሽ ደግሞ ሳትፈሪ ንገሪያት፣ እሷም ስለ እሷው ትንገርሽ። ደመወዟን ግን «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» አትበያት፤ በራሷ ስም የባንክ ደብተር አስወጥተሽ በየወሩ በቀኑ አስገቢላት፣ ደብተሩም እሷው ጋ ይሁን።