ሥልጠናውን ከጥበቃውና ከመስኮቷ ጀምሩት

ሰላም ለቤቱ። ወንድማችን ትናንት የጠየቀውን አየሁት። ኮሌጃቸው በማታና በቅዳሜ-እሁድ ፕሮግራም ከሠራዊት የተሰናበቱ ተማሪዎች ተቀብሏል። ለመምህራንና ለሠራተኞች የግማሽ ቀን ሥልጠና ሊሰጡ አስበዋል፤ «ምን እናስገባበት?» ነው ጥያቄው። እኔ እዚሁ ጎንደር አንድ ኮሌጅ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሬጅስትራር ሠርቻለሁ፤ አሁን ተማሪዎች አገልግሎት ነኝ። እንዲህ ዓይነት ሥልጠና ሁለት ጊዜ አዘጋጅተናል። የመጀመሪያው ከሽፎብናል፤ ከእሱ ልጀምር።

አዳራሽ ያዝን፣ ባለሙያ ጋበዝን፣ መምህራንን ብቻ ጠራን። ባለሙያው ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ጦርነት ጠባሳ በእንግሊዝኛ ፓወርፖይንት አስረዳ። ሻይ ቡና ተጠጣ፣ አበል ተፈረመ፣ ተበተንን። በማግስቱ አንድ ወጣት መምህር ቢሮዬ መጥቶ «ይኼ ልጅ ክፍል ውስጥ ድንገት ቢነሳበትስ?» አለኝ። «ልጅ» ያለው ሰው የ41 ዓመት ጎልማሳ ነው። የሦስት ልጆች አባት ነው። ከተማሪው ሁሉ ቀድሞ ክፍል የሚገባም እሱ ነው። ሰዎቻችንን መፍራት አስተምረን ላክናቸው ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት በር ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ይኸው ሰው በሕክምና ቦርድ ውሳኔ የተሰናበተ ሃምሳ አለቃ ነው፤ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሰው ሠራሽ ነው። ጥበቃው ለፍተሻ ከኋላው መጥቶ ወገቡን ያዘው። ሰውዬው እንደ መብረቅ ዞሮ የጥበቃውን አንጓ ጨመደደው። ለጥቂት ሰከንድ ሁለቱም አልተነፈሱም። ከዚያ ለቀቀውና «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሌላ ጊዜ ከፊት ለፊቴ ና» አለው። ከዚያ ወደ እኔ መስኮት መጣ። ለአንዲት ወረቀት ከአዘዞ ሲመላለስ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሁለቱን ጊዜ «ነገ ና» ያልኩት እኔው ነኝ። ፋይሉን መስኮቷ ላይ አስቀመጠ። የወረቀቶቹን ጠርዝ በጣቱ አንድ በአንድ አስተካከለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እኛ ቤት ነገ ሲባል ሰዓት አለው» አለኝ። አፈርኩ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሥልጠና ገለበጥነው። መጀመሪያ የተቀመጡት ጥበቃዎች፣ ሬጅስትራሮች፣ ገንዘብ ያዦች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ጽዳቶች ነበሩ። መምህራን ከሰዓት ገቡ። ያሠለጠነውም ራሱ ሃምሳ አለቃው ነው። እዚህ ላይ አደራ፤ ለባለሙያው የከፈላችሁትን ያህል ክፈሉት። «ልምድህን አካፍለን» ብሎ በነፃ ማናገር ነውር ነው።

እሱ የተናገረው ሁሉ በአንዲት ገጽ አለቀ። ፍተሻ ከፊት ይሁን፤ ከመንካታችሁ በፊት በቃል ተናገሩ። በሩ አጠገብ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ከተቀመጠ «ወደ ፊት ና» ብላችሁ አታስነሱት፤ መውጫውን ሲያይ ነው ትምህርቱ የሚገባው። ከኋላ መጥታችሁ ትከሻውን አትምቱ። «ሰው ገድለህ ታውቃለህ?» የሚለውን ጥያቄ ተማሪም መምህርም ይጠይቃል፣ በቀልድም ቢሆን። አትጠይቁ። «የት ግንባር ነበርክ? ከማን ጋር?» የሚለውም እንደዚያው። በእኛ አገር አንድ ክፍል ውስጥ የስንቱ ቤት ሐዘን አብሮ እንደሚቀመጥ ማን ያውቃል።

አጠራር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የ25 ዓመት መምህር አርባ ያለፈውን ሰው «አንተ» ሲለው ያ ሰው ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አይሰማውም። «እርስዎ» በሉ፤ እሱ ራሱ «አንተ በለኝ» እስኪል። በማዕረጉ መጠራት የሚወድ አለ፣ የማይፈልግም አለ። አንድ ሻምበል የነበረ ተማሪያችን «ያንን እዚያው ትቼው መጥቻለሁ» ብሎናል። ጠይቁ፣ በቃ።

መስኮቷ ላይ ደግሞ «ነገ ና» ቀረ። በምትኩ ትንሽ ወረቀት ቆርጠን ቀን፣ ሰዓትና የሚያስተናግደውን ሠራተኛ ስም ጽፈን እንሰጣለን። መጀመሪያ ባልደረቦቼ አጉረመረሙ። አሁን ለሁሉም ተማሪ ሆኗል፤ ሰልፉም ቀንሷል።

ይህን ዓይነት ሥልጠና አሜሪካኖች ከእኛ በፊት ጀምረውታል። በቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጅ 2010 «ግሪን ዞን» የሚል ሥልጠና ተነሳ። የሠለጠነ ሠራተኛ ቢሮው በር ላይ ምልክት ይለጥፋል፤ የቀድሞ ወታደር ያንን አይቶ ይገባል። ሐኪም ሁኑ አይባሉም። ሰምተው ወደ ትክክለኛው ቦታ እንዲመሩ ነው የሚሠለጥኑት። ይህ አስተሳሰብ ደስ ይለኛል። ምልክቱን ግን እኛ አልለጠፍንም። በእኛ ከተማ ማን ወደየትኛው ቢሮ ገባ የሚለው ራሱ ወሬ ነው።

ከእነሱ የምቀናበት ሌላ ነገር አለ። ከፈረንጅ 1945 ጀምሮ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት በሠራዊት ውስጥ የተሰጠን ሥልጠና እየገመገመ ለኮሌጆች የክሬዲት ምክር ይሰጣል። ወታደሩ ከዜሮ አይጀምርም። አጎቴ በደርግ ዘመን የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእጁ የነበረው ሙያ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ሬዲዮ ሲጠግን ኖረ፣ ወረቀት ሳይኖረው። ዛሬ በቴክኒክና ሙያ በኩል ሲኦሲ የሚባል የሙያ ብቃት ምዘና አለ። መካኒኩ ሙያውን የትም ይልመደው የት ተመዝኖ ካለፈ ይመሰከርለታል። የእናንተ ሬጅስትራር ይህን መንገድ ማወቅና መጠቆም አለበት። የኛዎቹ አያውቁም ነበር።

ስለ ጤናው አጭር ልበል። ከጦር ሜዳ የመጣ ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ ይህን ሁለት ጊዜ ንገሯቸው። እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የራቀ፣ በትንሽ ድምፅ የሚደነግጥ፣ ድንገት ከክፍል የቀረ ካለ ግን አንድ ሰው ለብቻው ያናግረው። «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ እዚያው አብራችሁት ቆዩ፤ ብቻውን ወደ ቤት አትስደዱት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለው፣ አብሮ የሚሄድ ሰው መድቡ። «ፀበል ገብቻለሁ» ቢላችሁ አትከራከሩት፤ ፀበሉንም ሕክምናውንም ጎን ለጎን የያዙ አሉን።

ጥምቀትን አትርሱ። ከከተራ ጀምሮ ከተማችን ጭፈራና ሆታ ነው። በሰርግ ሰሞን ደግሞ ርችቱም ተኩሱም አይጠፋም። አንዱ ተማሪያችን በዚያ ሰሞን ዘመድ ዘንድ ገጠር ይሄዳል። የጥር ፈተና መርሐ ግብር ስታወጡ ከበዓሉ ማግስት አታድርጉት። ፈተናውም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይሁን። የሃምሳ አለቃውን ክፍል ወደ ምድር ቤት ስናወርድ አንድ ብር አላወጣንም፤ ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ግን ማንም አላሰበውም ነበር። በክረምት ጭቃ በዚያ እግር ደረጃ ሲወጣ ያየሁት ዘግይቼ ነው።

ያቺን አንድ ገጽ ፎቶ አንስቼ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ጥበቃዎቹን ግን በፈረቃ ከፍለህ ሁለት ቀን ጥራቸው። እኛ በአንድ ቀን ጠርተን ግማሾቹ በር ላይ ቀሩብን።