መልስ፦ ባሕሩ የየራሳቸው ከሆነ የጋራው ገደብ እንዴት ይሠራል?

የፓስፊክ ደሴት አገሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ባሕር እያላቸው የቱና ዓሣቸውን በጋራ እንዴት እንደሚቆጣጠሩ ነው የጠየቁት። እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የእነዚህ አገሮች የዓሣ ማጥመድ ውል፣ የናውሩ ስምምነት፣ 8 አባል አገሮች የሚሸጡት ዓሣውን ሳይሆን የማጥመጃ ቀን ነው። የዓመቱ ጠቅላላ ቀን ይወሰንና ለአገሮቹ ይከፋፈላል፤ ከዚያ የመረብ መርከቦች ይገዙታል። ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ የአንድ ቀን ዝቅተኛ ዋጋ 8,000 ዶላር ነው። ርዝመቷ ከ50 ሜትር በታች የሆነች መርከብ ግማሽ ቀን ይቆጠርባታል፣ ከ80 ሜትር በላይ የሆነች ደግሞ አንድ ቀን ተኩል።

የትብብሩ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በኤልኒኞ ዓመት፣ ማለትም የፓስፊክ ሙቅ ውሃ ወደ ምሥራቅ በሚገፋበት ዓመት ነው። ቱናው ሙቁን ውሃ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኪሪባስ ይሄዳል። ያኔ በምዕራብ በኩል ያሉት አባላት ቀን ባክኖ እንዳይቀር አባላቱ እርስ በርስ ቀን ይሸጣሉ።

ድክመቱን ግን በደንብ ያስቡበት፤ ቀኑ ቢገደብም በአንድ ቀን የሚጠመደው መጠን አይገደብም። መርከቡ የተሻለ ሶናር (ዓሣን በድምፅ ሞገድ የሚፈልግ መሣሪያ) እና በሳተላይት የሚከታተለው ዓሣ ሰብሳቢ ተንሳፋፊ ሲጨምር፣ በዚያው ቀን ብዙ ዓሣ ያወጣል። ስለዚህ የቀኑ ቁጥር በየጊዜው መከለስ አለበት። ሌላው ቀዳዳ ቀኑ እንዳይቆጠርበት መርከቡ የሚያቀርበው «ዛሬ አላጠመድኩም» የሚል ሪፖርት ነው፤ የሳተላይት ክትትሉንና መርከብ ላይ ያለውን ታዛቢ መዝገብ ሳያመሳክሩ መቀበል አይገባም።