አጠገባችን የበቀለው አትክልት ዋጋው ከሩቅ ከመጣው ለምን ይወደዳል? ሻጭም ገዢም ሆኜ ያየሁት

እህቴ፣ «ባሕር አቋርጦ የመጣው አትክልት ከከተማው ዳር ከተለቀመው እንዴት ይረክሳል? እናንተስ እንዴት ነው የምትችሉት?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አነስተኛ እርሻ ላላቸው ዘመዶቼ በአምራቾች ገበያ ላይ ቆሜ ስሸጥላቸው ነበር። አሁን ደግሞ እንዳንቺው ገዢ ነኝ። ሊረዝም ነው፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ «ቅርብ ስለሆነ መርከስ ነበረበት» የሚለውን ተዪው። ዋናው ነገር መንገዱ መርዘሙ ሳይሆን መኪናው ስንት ኪሎ መጫኑ ነው። እስቲ እናስላው። በመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የምትጠጣ ፒክአፕ 200 ኪሎ አትክልት ይዛ 60 ኪሎ ሜትር ትምጣና ባዶዋን ትመለስ። 12 ሊትር ነዳጅ ሄደ። ለአንድ ኪሎ አትክልት 60 ሚሊ ሊትር ደረሰው ማለት ነው። አሁን ደግሞ 20 ቶን የጫነ ከባድ መኪና ከ600 ኪሎ ሜትር ይምጣ፣ እሱም ባዶውን ይመለስ። በመቶ ኪሎ ሜትር 35 ሊትር ቢፈጅ በድምሩ 420 ሊትር ነው። ለኪሎ ሲካፈል ግን 21 ሚሊ ሊትር ብቻ! አሥር እጥፍ ርቆ መጥቶ የነዳጅ ድርሻው ሲሶ ገደማ ነው። መርከብ ከሆነማ አይወራም። የዛሬዎቹ ግዙፍ መርከቦች ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ከ20 ሺህ በላይ ይይዛሉ።

ነዳጁ ግን ትንሹ ወጪ ነው። ውዱ የሰው ጉልበትና ጊዜ ነው። ቅዳሜ ለመሸጥ ዓርብ ሙሉ ቀን ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይለያል፣ ይታሰራል። ሌሊት ተነስቶ ይጫናል። ከዚያ ገዢ መጣም አልመጣም አንድ ሰው እስኪመሽ ቆሞ ይውላል። የቦታ ኪራዩ፣ የፈቃዱና የምርመራው ወጪ ደግሞ 200 ኪሎ ብትሸጪም 2 ሺህ ኪሎ ብትሸጪም ያው ነው፣ ወይም ብዙም አይለያይም። ትልቁ እርሻ በማሽን ይዘራል፣ ብዙውን በማሽን ያነሳል፣ ዘርና ማዳበሪያውን በጅምላ ዋጋ ይገዛል። ትንሹ ሁለት መደብ ካሮት ለመንቀል ማሽን አያስገባም፤ በእጁ ነው።

ብዙ ሰው የሚለኝ «እነሱ እኮ ደላላ የለባቸውም፣ ታዲያ ትርፉ የት ሄደ?» ነው። ደላላው ባይኖርም ሥራው አለ። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ስሌት አለ፤ እዚያ አገር ሰው ለምግብ ከሚያወጣው አንድ ዶላር ውስጥ ለገበሬው የሚደርሰው 15 ወይም 16 ሳንቲም ገደማ ነው። የቀረው ለማቀነባበር፣ ለማሸጊያ፣ ለማጓጓዣ፣ ለሱቅና ለምግብ ቤት ይሄዳል። ራሱ አምርቶ ራሱ የሚሸጥ ሰው ከዚህ አብዛኛውን ብቻውን ነው የሚሠራው፣ ያውም በትንሽ መጠን። ስለዚህ ከኪሎው ላይ ብዙ የሚቀረው እየመሰለን እናማዋለን እንጂ፣ የዘመዶቼን ሂሳብ ቁጭ ብዬ ሳየው ለሰዓታቸው የሚደርሳቸው ክፍያ አስደንጋጭ ነበር። (እነሱ ራሳቸው ሰዓታቸውን አይቆጥሩትም። ቢቆጥሩት ይተዉት ይመስለኛል።)

ያልተሸጠውም አለ። ዝናብ ከጣለ ገዢ ይቀራል፣ ቅጠላ ቅጠሉ ግን እስከሚቀጥለው ሳምንት አይጠብቅም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከሚመረተው ምግብ ከ13 እስከ 14 በመቶው ከተሰበሰበ በኋላ ሱቅ ሳይደርስ ይጠፋል። ትልቁ ነጋዴ ማቀዝቀዣ መጋዘን አለው፣ ዛሬ ያልሸጠውን ነገ ሌላ ከተማ ይልከዋል። ትንሹ ግን የሚጥለውን ግምት ውስጥ አስገብቶ ነው ዋጋ የሚያወጣው። አንቺ ለገዛሽው ስትከፍይ ለተጣለውም ትንሽ እየከፈልሽ ነው።

ይሄን ስል ሁሉም ውድነት ሐቀኛ ነው እያልኩ አይደለም። ለስሙ ብቻ የሚያስከፍል አለ። ከጅምላ ገበያ ገዝቶ «የራሴ ነው» ብሎ የሚቸረችርም አለ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። መለያው ቀላል ነው፤ «መቼ ነው የተለቀመው? ከወቅቱ ውጪ እንዴት አገኛችሁት? እርሻው የት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ያመረተው ሰው እስኪሰለችሽ ያወራልሻል። ቸርቻሪው ግን ያድበሰብሳል። «የአካባቢ ምርት» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይተሽ አትክፈይ፣ ምክንያቱም ድንበሩ ሰፊ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የእርሻ ሕግ ለአንዳንድ የድጋፍ ፕሮግራሞች ሲል እስከ 400 ማይል፣ ማለትም 640 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ተጉዞ የመጣውን ሁሉ የአካባቢ ብሎ ይቆጥረዋል።

እንግዲህ እንዴት እንቻለው? እኔ የደረስኩበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ዋጋው የሚወርደው የሻጩን ድካም ስትቀንሺለት ነው። በአንድ ኪሎ ላይ መከራከር ጥቅም የለውም፣ ሁለታችሁንም ያናድዳል። «ሙሉ ሳጥን ባነሳ ስንት ታደርግልኛለህ?» ማለት ግን ሌላ ወሬ ነው። መመዘን የለም፣ ማሰር የለም፣ ቆሞ መጠበቅ የለም። እኔና ጎረቤቶቼ የምናደርገው ይሄንኑ ነው። አንዳችን እንሄዳለን፣ በሳጥን እንገዛለን፣ ቤት ደርሰን እንካፈላለን። ቀድመን ደውለን ካዘዝን ደግሞ ሰውየው የተሸጠ መሆኑን አውቆ ስለሚለቅም የበለጠ ይቀንሳል። ስንሸጥ በነበረበት ጊዜ በጣም የምንወደው ገዢ እንደዚህ ያለው ነበር፤ ዋጋ ሳይጠይቀን ራሳችን እንቀንስለት ነበር።

ሁለተኛ፣ መልከ ጥፉውን ጠይቂ። የተሰነጠቀ፣ የተጣመመ፣ ከመጠን በላይ የበሰለ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ አይወጣም፣ መኪናው ውስጥ ነው የሚቀረው። «ዛሬውኑ ነው የማበስለው» በያቸው። ለሚከተፍና ለሚፈጭ ነገር ቁንጅና ምን ይሠራል?

ሰዓትም አለ። ጠዋት ምርጫ አለ፣ ቅናሽ የለም። መዝጊያው ላይ ቅናሽ አለ፣ ምርጫ የለም። በተለይ ዝናባማ ቀን መጨረሻ ላይ የደረሰ ሰው እድለኛ ነው፣ መልሶ መጫን የሚፈልግ ስለሌለ።

ሁሉንም ከአካባቢ አምራች ለመግዛት መሞከር ግን ኪስ ይጨርሳል፣ አልመክርሽም። እኔ ገንዘቤን የማወጣው ትኩስነቱ በሚለይበት ላይ ነው፤ ቅጠላ ቅጠል፣ ተክሉ ላይ የበሰለ ፍራፍሬ፣ እንቁላል። ደረቅ እህልና ጥራጥሬ መንገድ አይጎዳቸውም። እነሱን ከረከሰበት እገዛለሁ፣ ምንም ጸጸት የለብኝም። ወቅቱንም ተከተይ። አንድ ምርት በገፍ በሚደርስበት ሳምንት የቅርቡ ከሩቁ የሚረክስበት ጊዜ አለ። ያኔ በብዛት ገዝተሽ ለፍሪዘር አስቀሪ። አትክልቱን በፈላ ውኃ ለአጭር ጊዜ ነከር አድርጊው፣ ወዲያው በበረዶ ውኃ አቀዝቅዢው፣ በደንብ አጠንፍፊና ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ አስቀምጪው። ንከራውን ከዘለልሽው ፍሪዘር ውስጥም ቢሆን ቀስ በቀስ ጣዕሙና ቀለሙ ይበላሻል።

ከሁሉም በላይ ኪስ የሚጎዳው ግን ገዝቶ መጣል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባወጣው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከሱቅ ጀምሮ እስከ ቤት 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚያ 60 በመቶው የባከነው ቤት ውስጥ ነው። በርካሽ ገዝተሽ ሩቡን ከጣልሽ የኪሎውን ዋጋ በሲሶ አስወደድሽው ማለት ነው። በቅርብ የተለቀመ ቅጠል ደግሞ መንገድ ላይ ቀናት ስላላሳለፈ ፍሪጅ ውስጥ ረዘም ይቆይልሻል። ፖምና የበሰለ ሙዝ ግን አጠገቡ አታስቀምጪ፣ የሚያወጡት ጋዝ ቶሎ ያጠወልገዋል።

በመጨረሻ፣ ለምርት ወቅቱ ቀድሞ መክፈል የሚባል አሠራርም አለ። በወቅቱ መጀመሪያ ለእርሻው ትከፍያለሽ፣ ከዚያ በየሳምንቱ የደረሰውን ትወስጃለሽ። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመሳሳይ አሠራር ነበር፣ አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ተጀመረ። ጥሩ ነው፣ ግን ለሁሉም አይሆንም። ድርቅ ወይም ተባይ ከመጣ ኪሳራውን አብረሽ ትካፈያለሽ፣ በየሳምንቱ የሚሰጥሽንም አንቺ አትመርጪም። ደሞዝሽ ከእጅ ወደ አፍ ከሆነ ገንዘብሽን ቀድመሽ አታስሪ። ከገባሽበትም ግማሽ ድርሻ እንዳለ፣ ከፋፍሎ መክፈል ይቻል እንደሆነ፣ ሳልኖር ለሰው አሳልፌ መስጠት እችላለሁ ወይ የሚለውን ከመክፈልሽ በፊት በጽሑፍ አስቀምጪ።