«ዓይናችሁን ጨፍኑ» አልልም፦ ስለ ዮጋና ክፉ ቀን ስላለፈባቸው ልጆች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። እንዲህ ይጎርፋል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ለማታውቁኝ፣ ሶሻል ወርከር ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ13 እስከ 19 ዓመት ለሆኑ ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን ዮጋ አሠራለሁ። ከጦርነት የሸሹ አሉ፤ የተደፈሩ አሉ፤ ከዓረብ አገር የተመለሱ አሉ። ሐኪም አይደለሁም፤ ይቺን ከወዲሁ ያዙልኝ። ልጆቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።

ጥያቄ፦ በቀጥታ ልጠይቅሽ። ቤቱ ሲቃጠል ያየ ልጅ እጅና እግሩን ቢዘረጋ ምን ይጠቅመዋል? የፈረንጅ ፋሽን አይደለም?

መጀመሪያ እኔም እንደዚሁ ነበር ያልኩት። ግን እስቲ የራሳችንን አነጋገር ስማው። መርዶ ስንሰማ «ወገቤ ተቆረጠ» እንላለን። ስንፈራ «ጉልበቴ ከዳኝ»፣ ስንጨነቅ «ሆዴ ተላወሰ»፣ ስናዝን «አንጀቴ አረረ»። እናቶቻችን ጭንቀት የት እንደሚቀመጥ ነጋሪ አልፈለጉም።

አደጋ ሲመጣ አእምሮ ደወል ይደውላል። ወይ ትታገላለህ፣ ወይ ትሸሻለህ፣ ሁለቱም ካልሆነ ደርቀህ ትቀራለህ። ልብ ይፈጥናል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ ትንፋሽ ያጥራል። አደጋው ሲያልፍ ደወሉ መቆም አለበት። ክፉ ነገር የተደራረበበት ልጅ ላይ ግን አንዳንዴ አይቆምም። በር ድው ሲል ይዘላል። የደመራ ሰሞን ርችት ሲተኮስ አልጋ ሥር የሚገባ የ16 ዓመት ጎረምሳ አውቃለሁ።

ተቃራኒውም አለ። ሰውነቱ ጨርሶ የማይሰማው ልጅ። ራበህ? «እኔንጃ።» በረደህ? «እኔንጃ።» አንዷ ልጅ ትኩስ ሻይ አፏን አቃጥሏት አላወቀችም። እኛም ያየነው በማግስቱ ከንፈሯ ተልጦ ነው።

ዮጋው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እግሬ መሬት ነክቷል። ትከሻዬ ተወጥሯል። ልቀጥል ወይስ ልተወው? ልጁ ቀስ በቀስ ሰውነቱን መስማት ይጀምራል። ከዚያ ደግሞ ራሱ ያዝዘዋል። ያ ሰውነት ሌላ ሰው እንደፈለገ ያደረገው ሰውነት ነው። አሁን «በቃኝ» የሚለው እሱ ነው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይቺ ናት። እግሩ ምን ያህል ተዘረጋ የሚለው ግድም አይሰጠኝ።

ጥያቄ፦ ጥናት አለ ወይስ በስሜት ነው የምታወሩት?

አለ። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዴቪድ ኤመርሰን የሚባል የዮጋ አስተማሪና ቤሴል ቫን ደር ኮልክ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ክፉ ነገር ላለፈባቸው ሰዎች የሚሆን አሠራር አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናታቸው በ64 ሴቶች ላይ የተሠራ ነው። ሴቶቹ ክፉ ነገር ካለፈ በኋላ የሚቀር የጭንቀት ሕመም (ፒቲኤስዲ) ያለባቸው፣ ሌላ ሕክምና ሞክረው ያልተሻላቸው ነበሩ። ግማሾቹ ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ዮጋ ሠሩ። ግማሾቹ ስለ ሴቶች ጤና ትምህርት ተከታተሉ። በመጨረሻ ከተለኩት መካከል፣ ዮጋ ከሠሩት 31 ሴቶች 16ቱ ሐኪሞች ለሕመሙ የሚያስቀምጡትን መስፈርት የማያሟሉ ሆኑ። ከሌላው ወገን ከ29ኙ 6ቱ።

ጥሩ ውጤት ነው። ግን ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሁሉም አዋቂ ሴቶች ናቸው። በልጆችና በወጣቶች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ከዚህም አነስ ያሉ ናቸው። ስለዚህ «ዮጋ ያድናል» የሚል ፖስተር ብታዩ እለፉት። ሐኪሞች በቅድሚያ የሚመክሩት ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር የሚደረግ የንግግር ሕክምና ነው። የእኔ ሥራ ከጎኑ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ዮጋ የሂንዱ አምልኮ አይደለም? የንስሐ አባቴ አይሆንም ብለውኛል።

ምን አስቀየመኝ? በየወሩ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ሥሩ ህንድ ነው፤ ከሃይማኖታቸው ጋርም የተሳሰረ ነው። ይሄን «ስፖርት ብቻ ነው» ብሎ መሸፋፈን ወላጅን ማታለል ይመስለኛል። እኔ የማሠራው ላይ ግን ዝማሬ የለም፤ የሳንስክሪት (የጥንቱ የህንድ ቋንቋ) ቃል የለም፤ እጅ አጋጥሞ መስገድ የለም፤ ሥዕል የለም። ያ የአሜሪካኖቹ አሠራርም ሳንስክሪት አይጠቀምም። የራሳቸው ምክንያት አላቸው፦ ልጁ ያልገባውን ቃል ሰምቶ ምን እያደረገ እንደሆነ እንዳይጠፋበት።

ከመጀመራችን በፊት ወላጆችን ጠርቼ አሳያቸዋለሁ። አንዴ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከልጃቸው ጎን ወንበር ላይ ተቀመጡና ሁሉንም ሠሩ። «ይሄማ ወገብ ማፍታታት ነው» ብለው ሄዱ። አንድ አባት ደግሞ ልጃቸውን ይዘው ወጡ። መብታቸው ነው። ኅሊናሽ እሺ ካላለሽ ተዪው። እግር ኳስ አለ፤ ሰርከስ አለ፤ እስክስታ አለ። እስክስታን አትናቂ! ትከሻና ትንፋሽን አንድ ላይ የሚያፍታታ፣ ደግሞም ከሰው ጋር የሚሠራ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ዓይን መጨፈን ትቃወሚያለሽ ሲሉ ሰማሁ። ዮጋ ያለ እሱ ይሆናል?

ይሆናል። የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው፤ ስለዚህ በደንብ ልንገራችሁ።

ስጀምር እንደማንኛውም የዮጋ ክፍል ነበር ያደረግኩት። ስምንት ልጆች ነበሩ። መጨረሻ ላይ መብራት አጠፋሁ። «በጀርባችሁ ተጋደሙ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ሰውነታችሁን ልቀቁት» አልኩ። ድምፄን ሁሉ ለስለስ አድርጌ! ሁለት ደቂቃም አልሞላ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ብድግ ብሎ ሁለት ሰው ረግጦ ወጣ። ግቢው ውስጥ ፈለግነው። ከሮቶው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ክርኖቹን በጆሮው ላይ አጣብቆ አገኘሁት። ከብዙ ጊዜ በኋላ የነገረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «እኛ ቤት የመጡት ተኝተን ነው።»

ጨለማ፣ ጀርባ ላይ መተኛት፣ የአዋቂ ሰው ትእዛዝ። ሦስቱንም በአንድ ላይ ሰጥቼዋለሁ። ሌላው ሰው «ዘና በል» የሚለው ነገር ለእሱ ወጥመድ ነበር።

አሁን መብራት አይጠፋም። በሩ ገርበብ ይላል፤ ማን እንደገባ ሁሉም ያያል። ዓይን ክፍት ነው። መጋደም የሚፈልግ ይጋደማል፤ የማይፈልግ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። እሱም ከወር በኋላ ተመለሰ። ቦታው ግድግዳው ጥግ ነው፤ ማንም አይወስድበትም።

ጥያቄ፦ የስፖርት መምህር ነኝ፣ ደብረ ብርሃን። ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ፤ ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ናቸው። ምን ላድርግ?

መምህር፣ በመጀመሪያ ተፈናቃዮቹን ለይተው አያስወጡ። ሁሉም ይሥራ። በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ዘወትር በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል። ነገ ምን እንደሚመጣ ማወቅ ለእነዚህ ልጆች ትልቅ ነገር ነው።

ትልቁ ሥራ ምላስ ላይ ነው። እኛ ስናስተምር ትእዛዝ እንወዳለን፦ ቁም! ቀና በል! ዝም! በዚያ ፋንታ «እጃችሁን ወደ ላይ ማንሣት ትችላላችሁ፤ ጉልበታችሁ ላይ ቢሆንም ይሆናል» ይበሉ። መጀመሪያ ልጆቹ ይሳሳቃሉ። እርስዎም ያፍራሉ። በሦስተኛው ሳምንት ይለመዳል። ምርጫው የእውነት ይሁን ግን። «ከፈለጋችሁ» ብለው እጁን ያላነሣውን ካፈጠጡበት ትእዛዝ ነው።

እጅዎን ሰብስቡ። አቋም ለማስተካከል ብለው ትከሻም ቢሆን አይንኩ። ከኋላቸው አይዙሩ፤ ሁሉም በሚያይዎት ቦታ ይቁሙ። ፊሽካውን ለኳሱ ያቆዩት። ሴቶቹ ጃኬትና ሻሽ ማውለቅ የለባቸውም። እግር አራርቆ ማጎንበስንና በእጅና በጉልበት መንበርከክን እኔ አላሠራም፤ የተደፈረች ልጅ ለምን እንደሆነ ሳይነገራት ታውቀዋለች።

ምን ይሠራሉ ታዲያ? ቆመው ክብደታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እግር ማዛወር። ግድግዳ መግፋት። ትከሻ ወደ ጆሮ ማምጣትና መልቀቅ። በአንድ እግር መቆም፤ ይሄኛውን ይወዱታል። «ሁለት ደቂቃ ቀረን» ብለው ይጨርሱ።

ጥያቄ፦ ምንጣፉ ውድ ነው። ያለ እሱ ይሆናል?

ወንበር ይበቃል። ሰሌንም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ «የሴት ነገር ነው» ብሎ አሻፈረኝ አለ።

በጥንቱ ህንድ ባብዛኛው የወንድ ነገር ነበር በይው። ካልሰማም አትጨቅጭቂው። «የኳስ ማሟሟቂያ» ብለሽ ብትጀምሪለት ይቀላል።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቷ ነው። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ስምንት ወሯ። ሌሊት አትተኛም፤ በር ሲቆለፍ ትጮኻለች። ዩቲዩብ ላይ ያለውን ዮጋ ላሠራት? ጠበልም እየወሰድኳት ነው።

እትዬ፣ አይዞዎት። በር ሲቆለፍ የምትጮኸው ምናልባት ተቆልፎባት ስለኖረች ይሆናል። ፓስፖርታቸው ተይዞ፣ ስልካቸው ተወስዶ ከቤት ሳይወጡ የሰነበቱ ልጆች ብዙ ናቸው። ቁልፉን ለእሷ ይስጧት። የመኝታ ቤቷን በር መክፈትም መዝጋትም የእሷ ይሁን። ይሄ ከማንኛውም ዮጋ ይቀድማል።

ዩቲዩቡን ለጊዜው ይተዉት። የሚያሠራው ሰው ልጅዎን አያያትም፤ ስትደነግጥ አያቆምላትም። ማታ አልጋው ጫፍ ላይ አብራችሁ ተቀመጡ። እግር መሬት ይንካ። ቡና ሲፋጅ እፍ እንደምንለው፣ ቀስ ብሎ ረዘም ያለ ትንፋሽ ማውጣት። አምስት ጊዜ ይበቃል። «ሳቢው፣ በደንብ ሳቢው» አይበሏት። በጥልቀት መሳብና ትንፋሽ መያዝ አንዳንዱን ሰው ያዞረዋል፤ ታንቆ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ጭራሽ ይብሳል። እምቢ ካለች ተዉት፤ እርስዎ ብቻ እፍ ይበሉ።

ጠበሉን አልቃወምም። መድኃኒት ከታዘዘላት ግን ለጠበሉ ተብሎ እንዳይቋረጥ። ምግብ እንቢ ካለች፣ ስለ መሞት ካወራች፣ ራሷን ከጎዳች ቀን አይቁጠሩ፤ ብቻዋን አይተዉአት፤ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዷት። አዲስ አበባ ከሆኑ አማኑኤል አለ። «የእብድ ቤት» የሚሉትን አይስሙ።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ታሪካቸውን ይናገራሉ? አንዷ ተማሪዬ መደፈሯን ብትነግረኝ ምን ልበል?

ክፍል ውስጥ አንጠይቅም። ጭራሽ። ብዙዎቹ ለፖሊስም፣ ለሐኪምም፣ ለረድኤት ድርጅትም ደጋግመው ተናግረው የሰለቻቸው ናቸው። አንድ ሰዓት ሳይጠየቁ መቀመጥ ራሱ ዕረፍት ነው።

ራሷ ከነገረችሽ ግን እመኛት። «ለምን አልጮኽሽም?» የሚለው ጥያቄ ከአፍሽ እንዳይወጣ። ሰው ሲደነግጥ ይደርቃል፤ ድምፅ አይወጣም። ነገሩ በቅርቡ የሆነ ከሆነ ሰዓቱን አስቢ፦ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። አዲስ አበባ ያለው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ የያዘ ማዕከል አለው። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢላት፤ ልትጠብቂው የማትችይው ቃል ነው። «ለማን እንደምንናገር አብረን እንወስን» በያት።

ጥያቄ፦ ለውጥ በስንት ጊዜ ይታያል?

እንደ ልጁ ነው። አንዲት ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሩ አጠገብ ተቀምጣ እኛን ብቻ አየች። ጫማዋን አላወለቀችም፤ የሸራ ጫማ ነበር፣ ማሰሪያው ሁለት ጊዜ የተቋጠረ። «ለመሸሽ ዝግጁ ልሁን ብዬ ነው» አለችኝ በኋላ። በአራተኛው ሳምንት አየኋት፤ ጫማው ውስጥ ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች። ያን ቀን ሌላ ምንም አላደረገችም። በሁለተኛው ወር ማሰሪያውን ፈታችው። ማሰሪያውን እንጂ ጫማውን አይደለም። ጫማውን ያወለቀችበትን ቀን አላስታውስም። አንድ ቀን ሳይ በካልሲ ነበረች።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው። ወላጆቼ እንዳያውቁ። ክፍል ውስጥ ድንገት ልቤ ድው ድው ይላል፤ ሰው ሁሉ የራቀ ይመስለኛል። ፈተና ሐሙስ ነው። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ እያበድክ አይደለም። ያ ደወል ነው የሚጮኸው። ሲጀምርህ ሁለቱንም እግርህን ከዴስኩ ሥር መሬት ላይ ጫን። ጠንከር አድርገህ። መዳፎችህን ጭንህ ላይ ተጫናቸው። ከዚያ ቀስ ብለህ ዓይንህን አዙርና ሰማያዊ የሆኑ ነገሮችን ቁጠር። እስክሪብቶ፣ የጓደኛህ ሹራብ፣ የመስኮቱ ቀለም። ማንም አያውቅብህም። ትንፋሽህን አትታገለው። ሞገዱ ወጥቶ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ደቂቃዎች ናቸው።

ካሁኑ ማታ ማታ ተለማመደው። ጭንቅ ቀን ላይ አዲስ ነገር መጀመር ይከብዳል። የልብህንም ነገር ጤና ጣቢያ አንድ ጊዜ ታይ፤ ደም ማነስም ሌላም ሊሆን ይችላል። ከወላጆችህ ሌላ የምታምነው አንድ አዋቂ ካለ፣ አክስትም መምህርም ይሁን፣ ይቺን የጻፍክልኝን ብቻ አሳየው። ተጨማሪ ማብራራት የለብህም።

ሐሙስ ቀደም ብለህ ግባና በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ያዝ።