ጉዳት ደርሶብኛል፤ ክላሱን ልተው ወይስ ልቀጥል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች አሜሪካ ኮሌጅ ከሚማሩ አንባቢያን (አንዱ ደግሞ ከአባት) የመጡ ናቸው። ከመልሶቹ በፊት ሁለት ቃላትን እንለይ። ድሮፕ የሚባለው በመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የሚደረገው ነው፤ ክላሱ ከትራንስክሪፕት (ከውጤት መዝገባችሁ) ይጠፋል፣ ገንዘቡም ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ዊዝድሮው ነው፤ ደብልዩ (W) የሚል ምልክት ትራንስክሪፕት ላይ ይቀራል፣ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) አይነካም፣ የትምህርት ክፍያው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። የዊዝድሮው የመጨረሻ ቀን በኮሌጁ አካዳሚክ ካላንደር ላይ ተጽፏል። መጀመሪያ እሱን ቀን ፈልጋችሁ ያዙ።

የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። በ6ኛው ሳምንት ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ሐኪሙ ለ6 ሳምንት እንዳልረግጥበት አዞኛል። ቲዎሪው ላይ ውጤቴ ጥሩ ስለሆነ ክሊኒካሉን (የሆስፒታል ልምምዱን) ብቻ ትቼ እሱን መጨረስ እችላለሁ?

ቀኑን እንቁጠረው። 6 ሳምንት ላይ 6 ሲጨመር 12ኛው ሳምንት ላይ ትደርሻለሽ። ጀሶው በወለቀ ማግስት ግን ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል የለም፤ እግር የሚደግፍ ቡት ይከተላል፣ ፊዚዮቴራፒ ይከተላል። 15 ሳምንት ባለው ሴሚስተር የክሊኒካል ሰዓቱ በዚህ መሃል ያልቃል። ክራንች ይዞ ዋርድ መግባትም በአብዛኛው አይፈቀድም፤ ሥራው በሽተኛ መደገፍና ማገላበጥ ነውና።

ቲዎሪውን ለብቻው ማቆየት የሚቻለው ሁለቱ የተለያየ የኮርስ ቁጥር ካላቸውና ኮ-ሪኩዊዚት (የግድ አብረው የሚወሰዱ) ካልሆኑ ነው። በነርሲንግ ይህ እምብዛም አይገኝም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላውም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ የእኛ ግምት ዊዝድሮው ማድረግሽ አይቀርም ነው። ግን ከነርሲንግ ውጪ የያዝሻቸውን፣ ለምሳሌ ስታቲስቲክስን፣ አትንኪ። ተቀምጠሽ የምትጨርሺው ክላስ ነው፤ ቢያንስ 6 ክሬዲት ከቀረሽ ደግሞ የፌዴራል ብድርሽ የመክፈያ ሰዓት መቁጠር አይጀምርም።

ዋናው ሥራ ያለው መመለሻው ላይ ነው። የነርሲንግ ኮርስ በየሴሚስተሩ ላይሰጥ ስለሚችል አንድ ሴሚስተር መተው ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። ፎርሙን ከመፈረምሽ በፊት ለፕሮግራሙ ዳይሬክተር በኢሜይል ሦስት ነገር ጠይቂ፦ በሚቀጥለው ቡድን ውስጥ ቦታዬ ተይዟል ወይስ እንደገና አመለክታለሁ? ስመለስ የክህሎት ፈተና አለ? ምን ዓይነት የሐኪም ደብዳቤ ትፈልጋላችሁ? አብዛኛው ፕሮግራም «ያለ ምንም ገደብ» የሚል ደብዳቤ ይፈልጋል፤ «ቀላል ሥራ መሥራት ትችላለች» የሚለው አያስገባሽም። መምህሯ «ችግር የለም፣ ስትመለሺ ትጨርሺዋለሽ» ብላሽ ከሆነም በጽሑፍ አስደርጊው። በምትጠብቂበት ጊዜ የሲፒአር ካርድሽ (2 ዓመት ነው የሚያገለግለው) እና የቲቢ ምርመራሽ ጊዜያቸው እንዳያልፍ ተጠንቀቂ፤ እግሯ ድና በወረቀት የምትታገድ ተማሪ አትጠፋም።

ጉዳቱ የደረሰብሽ ሥራ ቦታ ከሆነ ደግሞ ለአሠሪሽ የሚሄደውና ለኮሌጁ የሚሄደው የሐኪም ወረቀት አንድ ዓይነት ነገር መናገር አለበት። እዚያ «መሥራት አልችልም»፣ እዚህ «ክሊኒካል ልግባ» ካልሽ የካሳ ጥያቄሽ ላይ ይመጣብሻል።

ቀኝ እጄ ተሰብሮ መጻፍ አልችልም። አራት ክላስ ይዣለሁ፣ ሁሉንም ልተው?

አይ፣ ገና ነህ። መጀመሪያ የዲሴብሊቲ ሰርቪስ ቢሮ ሂድ። ስሙን አይተህ «እኔን አይመለከተኝም» አትበል፤ ብዙ ኮሌጆች ጊዜያዊ ጉዳትንም እዚያው ያስተናግዳሉ። ማስታወሻ የሚይዝልህ ሰው፣ በድምፅ የሚጽፍ ሶፍትዌር፣ የፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ ስትናገር የሚጽፍልህ ሰው መጠየቅ ትችላለህ። የሐኪሙ ደብዳቤ የአጥንቱን ስም ከሚዘረዝር ይልቅ ምን ማድረግ እንደማትችልና እስከ መቼ እንደሆነ ቢናገር ይሻላል፦ «በቀኝ እጁ ለ8 ሳምንት መጻፍም መተየብም አይችልም»፣ ቀንና ፊርማ ያለው። የሚፈቀድልህ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማይሠራ የወደቅከውን ፈተና አያነሳልህም። ዛሬ ሂድ።

ላብ ያለው ክላስ ግን ለብቻው ይታይ። ኬሚስትሪ ላብ ውስጥ በአንድ እጅ አሲድ ማፍሰስ አይፈቀድልህም፤ አጋር ይሠራል፣ አንተ ዳታ ትመዘግባለህ የሚል ስምምነት መምህሩ ካልተቀበለ የሚተወው እሱ ነው።

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ከሆነና እያለፍክ ከሆነ ከዊዝድሮው ይልቅ ኢንኮምፕሊት (የቀረውን ሥራ በኋላ እስክታስረክብ የሚያዝልህ ጊዜያዊ ውጤት) ጠይቅ። የቀሩት ሥራዎችና የማስረከቢያው ቀን በጽሑፍ ይቀመጣሉ፤ ቀኑ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኤፍ ይቀየራል። ኢንኮምፕሊት ያለህን ክላስ በሚቀጥለው ሴሚስተር እንደገና እንዳትመዘገብ፤ ድጋሚ መክፈል ነው።

የመኪና አደጋ ደርሶብኛል። በፔል ግራንት (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ተማሪ መንግሥት በሚሰጠው እርዳታ) ነው የምማረው። ሁሉንም ብተው ገንዘብ መልስ እባላለሁ?

ሁሉንም ክላስ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ በፊት ከተውክ፣ አዎ፣ ሂሳብ ይሠራል። 5 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆይ እረፍት ተቀንሶ የቀን መቁጠሪያው ቀን ነው የሚቆጠረው። ሴሚስተሩ 110 ቀን ነው እንበል፤ በ33ኛው ቀን ብትወጣ 30 በመቶ ነው «የሠራኸው»። ፔልህ 3,000 ዶላር፣ ክፍያህ 2,400 ከነበረ የተረፈው 600 እጅህ ገብቷል። ኮሌጁ የክፍያውን 70 በመቶ፣ 1,680 ዶላር፣ ለመንግሥት ይመልሳል። ከዚያ ያንኑ 1,680 ካንተ ይጠይቃል፣ የትምህርት ክፍያ የሚመለስበት ጊዜ አልፏልና። ካልከፈልክ መመዝገብ ትከለከላለህ። እጅህ የገባውን 600 ግን በዚህ ምሳሌ አትጠየቅም፤ ሕጉ ለተማሪው የግራንቱን ግማሽ ይጠብቅለታል።

ከ66ኛው ቀን በኋላ፣ ማለትም 60 በመቶውን አልፈህ ብትወጣ፣ ሙሉው የአንተ ነው። ሰውነትህ ከቻለና ጥቂት ቀን ብቻ ከቀረህ መታገሱ ያዋጣል። አንድ ክላስ እንኳ አጠናቅቀህ ሌላውን ብትተው ይህ ሂሳብ አይነሳም፤ በኦንላይን የምትከታተለው አንድ ክላስ ካለ እሱን ማቆየት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ሌላው የሚረሳው ፔስ ነው። ብዙ ኮሌጆች ከሞከርከው ክሬዲት 67 በመቶውን እንድትጨርስ ይፈልጋሉ፤ ደብልዩ እንደተሞከረ ይቆጠራል። 30 ሞክረህ 24 ከጨረስክ 80 በመቶ ነህ። አሁን 12 ክሬዲት ብትተው 24 ለ42 ይሆናል፣ 57 በመቶ። እርዳታው ሊቋረጥ ይችላል፤ ኮሌጁ ይግባኝ የሚቀበል ከሆነ ግን የፌዴራሉ ደንብ የሰውነት ጉዳትን በስሙ ጠቅሶ እንደ ምክንያት ያስቀምጠዋል።

ኤፍ 1 (የተማሪ) ቪዛ ላይ ነኝ፣ ወገቤን ተጎድቻለሁ።

ምንም ነገር ድሮፕ ሳታደርጊ መጀመሪያ የኢንተርናሽናል ተማሪዎች ቢሮ ግቢ። በሕክምና ምክንያት ከ12 ክሬዲት በታች፣ አልፎም ያለ ምንም ክላስ መቆየት ይፈቀዳል፤ ፈቃዱ ግን ሴቪስ (የመንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) ላይ የሚመዘገበው ክላሱን ከመተውሽ በፊት መሆን አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስታተስሽ ይበላሻል። ደብዳቤው ከሜዲካል ዶክተር ወይም ከኦስቲዮፓቲ ዶክተር ይሁን፤ የፊዚዮቴራፒስት ወይም የካይሮፕራክተር አይሠራም። ፈቃዱ በየሴሚስተሩ ይታደሳል፣ በአንድ የትምህርት ደረጃ ጠቅላላው ከ12 ወር አይበልጥም።

ልጄ 19 ዓመቱ ነው፣ ሆስፒታል ተኝቷል። ኮሌጁ «ከእርስዎ ጋር አንነጋገርም» አለኝ።

አንዴ ኮሌጅ ከገባ የመረጃው ባለቤት ልጅዎ ነው፤ ፈርፓ የሚባለው የ1974 ሕግ ነው። ልጅዎ ከኮሌጅ ኢሜይሉ «አባቴ ጉዳዬን ይከታተል» ብሎ ይጻፍ፣ የመረጃ መልቀቂያ ፎርሙንም ይፈርም። መናገር ካልቻለ የዲን ኦፍ ስቱደንትስ (የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊ) ቢሮ ይደውሉ። መረጃ ባይሰጡዎትም የእርስዎን መስማት አልተከለከሉም፤ ለመምህራኑም ማሳወቅ ይችላሉ።

ባለፈው ሴሚስተር ከጉዳቱ በኋላ ዝም ብዬ ቀረሁ። አራት ኤፍ አገኘሁ።

ወደ ኋላ የሚሄድ የሕክምና ዊዝድሮው ብዙ ኮሌጆች ጋ አለ፤ ብዙውን ጊዜ የጊዜ ገደብ አለው፣ ስለዚህ አትዘግይ። ከኢመርጀንሲ የወጣህበትን ወረቀት፣ የክትትል ቀጠሮዎችህን፣ የመኪና አደጋ ከሆነ የፖሊስ ሪፖርቱን አያይዝ። ኮሚቴው የሚያየው ቀን ነው፦ የተጎዳህበት ቀንና ክላስ የቀረህበት ቀን መገጣጠም አለባቸው። ሦስቱን ወድቀህ አንዱን ቢ ካመጣህ «እሱን እንዴት ቻልክ?» ይሉሃል፤ በአንተ ሁኔታ ሁሉም ኤፍ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ቢፈቀድልህም የፋይናንሻል ኤይዱ ይግባኝ ሌላ ማመልከቻ ነው፣ ለሌላ ቢሮ። ሳይናገር የቀረን ተማሪ ደግሞ ኮሌጁ አብዛኛውን ጊዜ በሴሚስተሩ አጋማሽ እንደወጣ አድርጎ ያሰላዋል፤ የመጣብህ ዕዳ ካለ ከዚህ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያስረከብከው ሥራ ወይም የወሰድከው ፈተና ካለ ማስረጃውን አቅርብ፤ ቀኑ ወደፊት ሲገፋ ዕዳው ይቀንሳል።