ለከተማ ዛፍ የሚሟገት ሰው የት ይቀጠራል?

ጥያቄ፦ ከወንዶ ገነት በደን ሳይንስ ተመርቄያለሁ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ ችግኝ እተክላለሁ። የምመኘው ግን ከተማው ስለ ዛፍ በሚያወጣው ደንብና በጀት ላይ መሥራት ነው። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። ማስተርስ ልማር ወይስ ኤንጂኦ ልግባ?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ስም የሚወጣ ክፍት የሥራ ቦታ ጠብቀሽ አታገኚም። ሥራው ያለው በሌላ ስም ነው፦ የአረንጓዴ ልማት ባለሙያ፣ የዕቅድ ዝግጅት ባለሙያ፣ የፕሮጀክት ኦፊሰር። ከእነዚህ እኔ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ብትጀምሪ እመርጣለሁ። ደመወዙ አያኮራም፤ ግን በጀት እንዴት እንደሚጠየቅና እንዴት እንደሚቆረጥ እዚያ ሆነሽ ታዪዋለሽ።

ይህን የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ስለ መትከል ማንንም ማሳመን አያስፈልግም። ሰሚ ያጣው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በበጋ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው? ቱቦ ሊቀበር ሲቆፈር ሥሩ ቢበጠስ፣ የእግረኛ መንገድ ሲነጠፍ ሲሚንቶው ግንዱን አንቆ ቢይዘው የሚጠየቀው የቱ መሥሪያ ቤት ነው? ሰው ሁሉ ስለ ዛፍ የሚያወራው ክረምት ሲገባ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ችግኙ ጉድጓድ ሲገባ የዓመቱ ገንዘብ ተደልድሎ አልቋል። ለውሃ ቦቴና ለጥበቃ ሠራተኛ ገንዘብ እንዲያዝ ከፈለግሽ ወረቀትሽ ዕቅድ በሚዘጋጅበት በበጋው ወራት መግባት አለበት። ሐምሌ ላይ ብታስገቢው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።

ቅጥር እስክታገኚ አንድ የምታውቂው መንገድ ምረጪ። የእያንዳንዱን ዛፍ ዓይነት፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ የለካሽውን የግንድ ውፍረትና ያለበትን ሁኔታ መዝግቢ፦ ይሄ ጽድ ነው፣ ሲሚንቶ አንቆታል፤ ቀጥሎ ያለው ግራቪሊያ ለመብራት ሽቦ ሲባል አናቱ ተቆርጧል። ባለፈው ክረምት ከተከላችሁት ስንቱ እንደጸደቀም ቁጠሪ፤ የተተከለው ቁጥር በየሪፖርቱ አለ፣ የጸደቀውን የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄና ወጪውን የያዘ አንድ ገጽ ጻፊ፤ ሁለተኛውን ገጽ የሚገልጥ ኃላፊ ብዙ አላየሁም። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ይዘሽ ብትገቢ ከችግኝ ተከላ የምስክር ወረቀቶችሽ ሁሉ ይበልጥ ያስቀጥርሻል።

ኤንጂኦውም መጥፎ አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ኤንጂኦዎች ከሥራቸው ጋር የተያያዙ ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲሻሻሉ ሐሳብ እንዲያቀርቡ ፈቅዷል። ልዩነቱ፣ እዚያ ሆነሽ በአደባባይ መናገር ትችያለሽ፤ መንግሥት ቤት ሐሳብሽ የሚያልፈው በቃለ ጉባኤና በዕቅድ ሰነድ ነው። ዝም ብለሽ መግፋት የማይሆንልሽ ሰው ከሆንሽ ወረዳው ያንገሸግሽሻል፤ ይህን ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ማስተርሱ ይቆይ። ጥቂት ዓመት ሠርተሽ ስትማሪም የከተማ ፕላን ወይም የሕዝብ አስተዳደር ይሁን፤ ደኑንስ ተምረሽዋል።