ከወሊድ በኋላ የወረደ ሄሞግሎቢን፦ ለተጠየቀው መልስ

ሰላም እህቴ። የእህትሽ ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፤ በግራም በዴሲሊትር ይለካል) እንደወለደች 11.6፣ በማግስቱ 9.1 ሆኖ፣ ነጭ የደም ሴሏም 19,000 ደርሶ «ላብራቶሪው ተሳስቶ ይሆን?» ብለሻል። ሁለቱም ውጤት ትክክል ሊሆን ይችላል።

ደም ሲፈስ ሴሉም ፈሳሹም አብሮ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ወዲያው የተለካው ቁጥር የፈሰሰውን ደም አያሳይም። ቀስ በቀስ ሰውነት የጎደለውን በፈሳሽ ሲተካ (ግሉኮስ፣ ማለትም በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ፣ ከተሰጣት ደግሞ ቶሎ) ደሙ ይቀጥናል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። እኔ የምመዝነው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የተወሰደውን ነው። በምጥ ስትወልድ እስከ ግማሽ ሊትር ቢፈስ አብዛኛዋ ጤነኛ እናት ትችለዋለች፤ በእርግዝና የደሙ ፈሳሽ ክፍል ወደ ግማሽ ገደማ ጨምሮ ይቆያልና። ቀይ ሴሉ ግን በዚያ ልክ አይጨምርም፤ ለነፍሰ ጡር የደም ማነስ የሚባለው ሄሞግሎቢኗ ከ12 ሳይሆን ከ11 በታች ሲሆን የሆነውም ለዚህ ነው።

ነጭ ሴሉ በምጥ ብቻ ከ20,000 ሊያልፍ ይችላል፤ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። 38 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ ወይም የሆድ ሕመም ካለ ግን ኢንፌክሽን ይጠረጠራል።

9.1 ሆኖ ደሙ ከቆመና እሷም ደህና ከሆነች፣ ደም መስጠት ሳይሆን አይረን ነው የሚያስፈልጋት። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኪኒን 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ አለው። ስንት እንደምትወስድ ያዘዘላት ይወስን፤ በራሷ ብትደራርበው ሆድ ድርቀቱ ይብሳል እንጂ ደሙ አይፈጥንም።

አራስ ቤት ዋናው ችግር ቡናው ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይፈላል፣ ኪኒኑም በዚያው ይዋጣል፤ ቡናና ሻይ አይረኑን አስረው ያስቀሩታል፣ ወተትም ይቀንሰዋል። ከእነዚህ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ በባዶ ሆድ፣ ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ትዋጠው። ካቅለሸለሻት ከትንሽ ምግብ ጋር ማታ ይሁን። ሰገራዋ ቢጠቁር ከኪኒኑ ነው። ገንፎውም ይቀጥል፣ ኪኒኑን ግን አይተካም።

ከ4 ሳምንት በኋላ ትለካ፤ ቢያንስ በ1 መጨመር አለበት። ካልጨመረ በትክክል መዋጧን፣ ከዚያ የመንጠቆ ትል (አንጀት ውስጥ ደም የሚመጥ)፣ ወባና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ይታይ። ቁጥሩ ከተስተካከለም በኋላ በሰውነቷ ያለው የአይረን ክምችት እስኪሞላ ለ3 ወር ያህል ትቀጥል።

በ1 ሰዓት ውስጥ ሞዴስ ከራሰ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ፣ ስትቆም ከዞረባት ወይም ተቀምጣ ልቧ በፍጥነት ከመታ፣ ምርመራ ሳትጠብቁ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት።